የገዳይሽ ዘመዶች

እታለሜ፣

ከተለየሽን አንድ ክረምት አልፎ የሁለተኛው ደመና እየጠቆረ ነው። አንገቱ መንደር፣ አዲሱ ቤታችን አጠገብ ጫካው ጫፍ ላይ የተከልነው ቡና ዘንድሮ አበባ አወጣ። እማዬ ግን አላየችውም፤ አዲሱን ቤት ጥላ ከእኔ ጋር ሮቤ፣ አክስታችን ዘንድ ገብታለች። አንገቱ የቀረው አባባ ብቻ ነው።

ያንን ቤት ስንሠራ እኔ ቆርቆሮውን ይዤልሽ፣ አንቺ ሚስማር በከንፈርሽ ይዘሽ፣ ልታስቂኝ አፍሽን ስታጣምሚ ሚስማሩ ሁሉ ተበተነ። በዚያው ቆርቆሮ ሥር ተርቦች ጎጆ ሠሩ። የልብስ ገመድ ልታስሪ እጅሽን ወደ ጣሪያው ስትዘረጊ ወረዱብሽ። አንገትሽ አበጠ። ጎባ ሐኪም ቤት ልናደርስሽ ስንከንፍ ሳነቴ ተራራ ላይ እጄን መጨበጥ ተውሽ።

ጎጆውን በዚያው ሳምንት አቃጠልሁት። አልበቃኝም። ገዳይ ሲጠፋ ዘመዱ ይፈለጋል ሲባል እሰማ ነበርና፣ ሮቤ ተመልሼ ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ የጭቃ ቤት የሚሠሩትን ወገበ ቀጭን ጥቁር ተርቦች አሳደድሁ። ቤታቸውን በዱላ አፍርሼ እጮቻቸውን ረገጥሁ። የክፍሌ ልጆች «ደም መላሹ መጣ» እያሉ ያሾፉብኛል። ንብ ግን አልነካሁም፤ ማር ትወጂ ነበር።

ሰሞኑን የባዮሎጂ መምህራችን የነፍሳትን የዘር ሐረግ ሰሌዳው ላይ እንደ ዛፍ አድርገው ሣሉ። ንብም፣ ጉንዳንም፣ ተርብም ከአንድ ግንድ ናቸው። ወደ ጫፉ ሲወጡ ግን ባለ ጭቃዋን ከንብ ጋር አንድ ቅርንጫፍ ላይ አደረጓት። ያንቺን ገዳይ፣ ቆርቆሮ ሥር ጎጆ የምትሠራዋን፣ ራቅ ያለ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ጻፏት። ተሳስተዋል ብዬ እጄን አወጣሁ። «ሁለቱንም ተርብ ስለምንላቸው ነው እንዲህ የመሰለህ» አሉኝ፤ «ባለ ጭቃዋ የምትቀርበው ለንብ ነው።»

ዓመቱን ሙሉ የሌላ ቤት ልጆች ስገድል ከርሜአለሁ። ለእነሱ አዝኜ አይደለም የተናደድሁት። የገዳዮችሽ እውነተኛ ዘመዶች በሰላም ስለከረሙ ነው።

አሁን አባባ፣ ተርቦች ከዚያው ቆርቆሮ ሥር አዲስ ጎጆ መጀመራቸውን በስልክ ነገረኝ። «እኔ አጠፋዋለሁ፣ አንተ ትምህርትህን ተማር» አለኝ። እንዳይነካብኝ ለመንሁት። እማዬ «ተርብ ገድለህ እህትህን አትመልሳትም» ትላለች። አውቃለሁ። ቢሆንም ትምህርት እንደተዘጋ አንገቱ እወርዳለሁ። የገዳዮችሽ ዘሮች ሲያርፉ ክንፋቸው እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ሲበሩ እግራቸው እንዴት እንደሚንጠለጠል አጥንቻለሁ፤ ከእንግዲህ ሌላውን በእነሱ ፈንታ አልገድልም።

እታለሜ፣ በየዓመቱ ዝናብ ከመጣሉ በፊት መሰላል አቁሜ ያንን ጣሪያ የምፈትሸው እኔ ነኝ። ካረጀሁም በኋላ እወጣለሁ። አንድም አላስተርፍልሽም።

ታናሽ ወንድምሽ