ለሚጢ የቆረጥኳቸው ፊደሎች

ጥቅምት 4፣ ሰኞ
ከምሠራበት ፋርማሲ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ይዤ መጣሁ። ቆራረጥኩና በየቁራጩ አንዳንድ ፊደል ጻፍኩ። ልጄ ሚጢ ገጣጥማ ቃል ታወጣለች ብዬ... «ቤት»ን «ቢት» አለችው። «ቡ»ን «በ»። ሁለት ቃል ሳንጨርስ «ደከመኝ» ብላ ዓይኗን አሸች። ስንፍና ነው? አስተማሪዋ «እስከ ጥር ካላነበበች ወደ ታች ክፍል ትመለሳለች» ብላኛለች። ስምንት ዓመቷ እኮ ነው!

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ
ፊደል የጎደላቸው ቃላት በወረቀት አዘጋጅቼላት ወጣሁ። «መስ–ት»፣ «ሳ–ና»... ማታ ስመለስ ሁሉም ተሞልቷል። አንድ ስህተት የለም። ከእኔ ጋር ሁለት ያቃታት ልጅ? ከግማሽ ቀን ትምህርቷ መልስ አብራት የምትውለው የባሌ ታላቅ እህት ናት። ጠየቅኳት።
«ራሷ ሠራችው» አለች፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ
«ማን ነገረሽ?»
«ማንም።»
«አክስትሽ ናት?»
«ምስጢር ነው እማዬ።»
ምስጢር? በገዛ ቤቴ?

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ
ለባሌ ነገርኩት። «እህቴ ልጅ ታበላሻለች ነው የምትይው?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ይስጠኝ።
መልሱን እየነገረቻት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? የማስለቅሳት እኔ፣ የምታስቃት እሷ። ልጄን ልትነጥቀኝ ነው እንዴ? ስጽፈው ያሳፍራል። የሚሰማኝ ግን እሱ ነው።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ
ጠዋት እነዚያኑ ቃላት በአዲስ ወረቀት ትቼላት ሄድኩ፤ ከዚያ ራሴን አመመኝ ብዬ በምሳ ሰዓት ከሥራ ወጣሁ። ውሸቴን ነው። ጫማዬን አውልቄ እንደ ሌባ ገባሁ። ከጓሮ ሳቅ ይሰማል...
የጓሮው የብረት በር ላይ የእኔ ቃላት ፊደል እንደጎደላቸው በጠመኔ ተጽፈዋል። አንዱ ፊደል የሚጢን ጭንቅላት ያክላል። ሚጢ ርቃ ቆማ «መ...ስ...ኮት! መስኮት!» ትላለች። አክስቷ ትንፍሽ አላለችም። ወረቀቱ ላይ ክፍት ቦታውን በጣቷ ብቻ አሳየቻት።
«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኩ።
ደንግጣ ዞረች። «ራሷ ሠራችው አልኩሽ እኮ! ፖሊስ ሆነሽ መጣሽብኝ። ጥሩ አድርጋ ስትለምድ ልናስደንቅሽ ነበር።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ፊደሉንማ ታውቀዋለች። ከቅርብ አይታያትም መሰለኝ፤ ወደ ኋላ ስትል ነው የምታነበው» አለች።
ለሰው ሁሉ የዓይን ጠብታ ስሸጥ የምውል ሴት!

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ
የዓይን ሐኪም ቤት፣ ሦስታችንም። እውነትም የቅርቡ ነው ያስቸገራት። መነጽር ታዘዘ። ሐኪሙ «ማን ነው ያስተዋለው?» ሲል አክስቷ መሬት መሬት አየች። «እሷ ናት» አልኩ። ይቅር በይኝ ማለት ግን... አልወጣልኝም።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ
መነጽሩ ደረሰ። እኔና የባሌ እህት ጠረጴዛው ላይ አዲስ ቃላት እየደባለቅን ነበር፤ እሷ ታስባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እንደ ምንም ይቅርታዬንም ተናገርኩ። «እኔም ብሆን እጠረጥር ነበር» ብላ ሳቀች።
ሚጢ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ታነሳለች ስል ጭኔ ላይ ወጣች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አፍንጫዋን ልታስነካኝ ምንም አልቀራትም። ትክ ብላ አየችኝ።
«እማዬ... ጉንጭሽ ላይ ትንሽዬ ጥቁር ነጥብ አለች እንዴ?»
ከተወለድኩ ጀምሮ ያለች ናት። ልጄን ስንቴ አቅፌያታለሁ፣ ስንቴ ስሜያታለሁ... ዛሬ ገና አየቻት።