የአባባ ቲያትር በሌላ ሰው ስም

ይድረስ ለወንድሜ ለካሣዬ ገብረ መድህን፤
ድሬዳዋ።

ወንድሜ ሆይ፣ ጤናህ እንደምን ሰንብቷል? ያ ባለፈው ክረምት የያዘህ የጎን ውጋት ተመልሶ አላስቸገረህም? ባለቤትህ ተሻለችስ ደህና ናት? ልጃችሁ ወለላ ጥርስ እየለወጠች ነው ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ የፊቶቹ በቀሉላት? ፋሲካንስ በዚያ ሙቀት እንዴት ዋላችሁት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም በጤና አለን። የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ቢመጣም አሁን ሌት ተቀን እየጣለ ነው፤ ከገበያው እስከ ቤታችን ያለው ጭቃ ጫማ ያስቀራል። አባባ እግራቸውን ብርዱ ቢይዛቸውም ከዘራቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን መሳም አልተዉም።

ስለ ጤና ይህን ያህል ከተጠያየቅን ይበቃል። የምጽፍልህ ተናድጄ ነው፤ የንዴቴም ግማሽ በአንተ ላይ ስለሆነ ቁጭ ብለህ አንብበው።

«የዲክሲስ ሙሽራ»ን አትረሳውም። አባባ በ1945 ዓ.ም. ጽፈው የከተማው አዳራሽ ውስጥ ሲያሠሩት አንተ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርክ፣ እኔ አሥራ ሦስት። ሙሽራዋን ከዲክሲስ ወደ አሰላ ሲወስዷት ወንዙ ይሞላና ዘመዶቿ ከወዲያ፣ አማቾቿ ከወዲህ ቆመው በዘፈን ብቻ የሚነጋገሩበት ነው። ሰው ከጎበሳና ከበቆጂ በበቅሎ እየመጣ ነበር ያየው።

በጾሙ መካከል ይኸው ቲያትር ዳግመኛ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ መጣ። የሚያሠራው ከአዲስ አበባ የመጣ አቶ በለጠ የሚባል ሰው ነው፤ አንድ ኮሚቴ አዳራሹን ሰጥቶታል አሉ። እኔ ደስ አለኝ። አባባማ መጥቶ ያማክረኛል ብለው ኮታቸውን አስተኮሱ፣ ጢማቸውን ተላጩ፣ ከሰዓት ከሰዓት በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው መጠበቅ ጀመሩ። አንድ ሳምንት ጠበቁ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቁ፤ የመጣ ሰው የለም። ቲያትሩን የጻፉበት ደብተር ከጠፋ ዓመታት ስላለፉ ሰውየው ቃሉን ከየት አገኘው ብዬ ብጠይቃቸው «የድሮዎቹ ተዋንያን በቃላቸው ይዘውት ይሆናል» አሉኝ።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት ከቀትር በኋላ አብረን ሄድን። በሩ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። «ድርሰትና ዜማ በአቶ በለጠ» ይላል። አባባ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት፣ መነጽራቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና «እንግባ፣ ቦታ እንዳይሞላብን» አሉኝ።

ቲያትሩ አምሮ ነበር፤ አልዋሽህም። ሙሽራዋን የምትጫወተው ፅጌረዳ የምትባል የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ድምጿ እንደ ውሃ ነው። ነገር ግን ቃል በቃል የአባባ ነው፤ አንዲት ነጠላ ሐረግ የሰውየው የለችበትም። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ሲያበቃ አባባ በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ መድረኩ ሄዱ። አሁን ሊናገሩ ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ፅጌረዳን ጠርተው ምን አሏት መሰለህ? «ልጄ፣ ‹ምን አልኩት ወንዙን እንዲህ ሞላብኝ፣ እናቴ ከማዶ ቆማ እያየችኝ› ነው የሚለው። አንቺ ‹እየጠራችኝ› አልሽ። እናቷ ብትጠራትማ ወንዙ ባልከበዳት ነበር» አሏት። ልጅቷ ደነገጠችና «አባቴ፣ ቲያትሩን ያውቁታል እንዴ?» ብትላቸው «በጎልማስነቴ ሰምቼዋለሁ» ብለው ወጡ። ካሣዬ፣ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። የገዛ ቲያትራቸውን!

በማግስቱ ሥራዬን ጥዬ አቶ በለጠ ዘንድ ሄድኩ። «ይህ የሕዝብ ዘፈን ነው፣ ባለቤት የለውም» አለኝ። «ባለቤት ከሌለው የእርስዎ ስም በሩ ላይ ምን ይሠራል?» አልኩት። ያኔ ሳቅ ብሎ የተናገረው ነው እስካሁን እንቅልፍ የነሳኝ። «አዲስ አበባ አንድ ግቢ ስንኖር ደብተሩን በእጁ የሰጠኝ ወንድምሽ ካሣዬ ነው፤ ገልብጬም መልሼለታለሁ። የቤታችሁን ጉዳይ ቤታችሁ ጨርሱ» አለኝ።

እውነት ነው ወይ? አባባ ያን ደብተር ፍለጋ ሣጥኑን ስንት ጊዜ ገለበጡት? ጣሪያው አፍስሶ አበስብሶት ይሆናል ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ አንተም ለእረፍት መጥተህ አጠገባቸው ተቀምጠህ ነበር። አብረህ ፈለግህ እኮ። እንዴት አስቻለህ?

ነገሩ በዚህ አላቆመም። ፅጌረዳ የአባባ ንግግር ሲከነክናት ሰንብቶ ትልልቅ ሰዎችን ጠይቃ እውነቱን ደረሰችበት። ባለፈው እሑድ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታይ አባባ አልሄድም ብለው ቀሩ፤ እኔ ሄድኩ። የወንዙ ዘፈን ጋ ስትደርስ ወደፊት ራመድ ብላ «ይህን ቲያትር የዛሬ ሃያ ዓመት የጻፉት የዚህ ከተማ አስተማሪ፣ መምህር ገብረ መድህን ናቸው» አለች። አቶ በለጠ ከመጋረጃው ጀርባ «ሙዚቃ፣ ሙዚቃ» ሲል ይሰማል። አኮርዲዮን የሚጫወተው ሰው ግን የአባባ ተማሪ ኖሮ አኮርዲዮኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ማጨብጨብ ጀመረ። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ።

ጭቃውን እየረገጥኩ ሮጬ ቤት ገባሁና ለአባባ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «የሰኪናንስ ስም ጠራችው?» አሉኝ።

እትዬ ሰኪናን ታውቃቸዋለህ፤ የቅመም ሱቅ ያላቸው፣ የጨርቅ ነጋዴው የሙህዲን ሚስት። እሳቸውን ምን አመጣቸው ብላቸው አባባ እንዲህ አሉኝ። «ቃሉ የእኔ ነው፤ ከዜማው ግን አንዱም የእኔ አይደለም። ሁሉንም ያወጣችው እሷ ናት። ያኔ መድረክ ላይ የቆመችው ልጅ ከንፈሯን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው፣ ከመጋረጃ ጀርባ የዘፈነችው ሰኪና ናት። ሙህዲን ‹ትዝፈን፣ ስሟ ግን አይጠራብኝ› ብሎ ለመነኝ። እኔም ‹ድርሰትና ዜማ በገብረ መድህን› ብዬ በእጄ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ። ሙህዲን ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድ ቀን እንኳ አላረምኩትም። የአቶ በለጠን ወረቀት ሳነብ የራሴን ጽሕፈት ያየሁ መሰለኝ። በምን አፌ ልናገር?»

በእሳቸውም ተናደድኩ፤ አልደበቅኋቸውም። «ተናደጂ፣ ይገባሻል» አሉኝ።

ማክሰኞ ጧት አብረን እትዬ ሰኪና ሱቅ ሄድን። አባባ ባርኔጣቸውን አውልቀው ኮረሪማና አብሽ በተደረደረበት መደብ ፊት ቆሙ፤ የመጡበትንም ተናገሩ። እትዬ ሰኪና ሚዛኑን አስቀመጡና «መምህር፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ደጃፍ ሲያልፉ ሰላም ይሉኛል። ዛሬ ያነሡልኛል፣ ነገ ያነሡልኛል እያልኩ ነው ያረጀሁት» አሏቸው። አባባ «አሁን ስምሽ ይጻፍ ወይ?» ሲሏቸው «ይጻፍ። ሰኪና ቱሳ ተብሎ ከነአባቴ ይጻፍ። የሙህዲን ሚስት እንዳትሉ» አሉ። ሙህዲንን ግን አላህ ይዘንለት ብለው መርቀውታል።

አሁን ያለው ነገር ይህ ነው። ቲያትሩ በሰኔ በቆጂ ሊታይ ነው። ኮሚቴው የበሩን ወረቀት ለመቀየር የጽሑፍ ማስረጃ አምጡ ብሎናል። በአባባ እጅ የተጻፈውና ቀኑ ያለበት ደብተር ማስረጃ ነው፣ እሱም አንተ ጋ ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ማግስት በአደራ ፖስታ ላከው፤ ለማን እንደሰጠኸውና መቼ እንደሰጠኸውም ፈርመህበት ጻፍ። ምክንያት አልፈልግም። ለአባባ የምትለው ካለህ ራስህ መጥተህ ንገራቸው።

አባባ እንዳልቆጣህ ለምነውኛል። «ተይው፤ የሰው ሥራ ይዞ ዝም ማለትን ከእኔ ነው የተማረው» አሉኝ። እሳቸው ይቅር ብለውሃል። እኔ ገና ነኝ።

ለተሻለች ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የተናደድኩት በባሏ እንጂ በእሷ አይደለም። ወለላን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ባለቤቴ ወልደሰንበት ጤና ይስጥልኝ ብሎሃል። አባባ እግዚአብሔር ይባርክህ ብለውሃል። እትዬ ሰኪናም ልጅ ሳለህ ከሱቃቸው ስኳር ትለምናቸው እንደነበር አስታውሰው ሰላም ብለውሃል።

እኅትህ ውድነሽ ገብረ መድህን

አሰላ፣ ግንቦት 9 ቀን 1965 ዓ.ም.