መብራት በርቶ መኪና አይሰጥም

ጥቅምት 6

መብራቱ ደግሞ በራ። ያ ቢጫ የሞተር ምልክት። አባዬ እማዬን ከኩላሊት እጥበት ሲመልሳት ዳገቱ ላይ ነው አሉ። አሉ ማለት... የነገረችኝ እማዬ ናት። እሱ የት ይናገራል።

«ምን ሆነች መኪናዋ?» ስለው፣ «ምን ትሆናለች? ዳገት አይደል እንዴ፣ ደክሟት ነው።»

መኪናዋ በእኔ ስም ናት፣ አዲስ ሆና የገዛኋት። ጋራንቲዋ እስከ ጥር መጨረሻ ነው። እስከዚያ የተበላሸውን ሁሉ የሸጠልን ድርጅት ሊሠራ ፈርሟል። ከዚያ በኋላ በራሳችን። እማዬ በሳምንት ሦስት ቀን ተራራውን ተሻግራ፣ ወዲያኛው ከተማ ሄዳ ደሟ መታጠብ አለበት። አውቶቡስ ሞክረን አይተነዋል፣ ተሸክመን ነው ያወረድናት። ይህች መኪና እምቢ ካለች እማዬ ታናሽ እህቴ ጋ መሄዷ ነው፣ እሷ ከሐኪም ቤቱ ጎን ናት። እማዬ ደግሞ «ከቤቴ የምወጣው ተሸክማችሁኝ ነው» ትላለች። አባዬ ፊት ይህን ነገር አላነሳውም።

ጥቅምት 9

ድርጅቱ ጋ ወሰድናት። አባዬ ጠዋት አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ሽቶ ረጭቶ ጠበቀኝ። «ለሠርግ ነው እንዴ?» ብለው አልሳቀም።

መስታወት በመስታወት የሆነ አዳራሽ። ሶፋ፣ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን፣ የፕላስቲክ አበባ። ተቀባዩ ሁልጊዜ ቀይ ክራቫት ያደርጋል። ስሙን ነግሮኛል፣ አልያዝኩትም። ክራቫቱ ብዬዋለሁ።

ሞተር አስነሳ። መብራት የለም። ኮምፒውተር ሰኩባት፣ አንድም የብልሽት ኮድ የለም። «እህቴ፣ ምንም የላትም። የነዳጅ ክዳኑ ሳይጠብቅ ቀርቶ ይሆናል፣ እሱም ያበራል።»

እኔ የምሠራው ውሃና ፍሳሽ ነው፣ የቅሬታ መስኮት ላይ። ቀኑን ሙሉ «ሲስተሙ ላይ አይታይም» ስል እውላለሁ። ዛሬ ያንን ድምፅ ከዚያኛው በኩል ሆኜ ሰማሁት። እንዴት ያስጠላል።

ጥቅምት 16

በራ።

ጥቅምት 18

ደግሞ ታጠበች፣ ደግሞ ሄድን፣ ደግሞ ምንም የላትም። «ለጥንቃቄ» ብለው አንድ ሴንሰር ቀየሩ። ስረከባት ሰዓቷ ተዛብቷል፣ ራዲዮው ጣቢያዎቹን በሙሉ ረስቷል። «ያልተበላሸውንም ታበላሻላችሁ?» አልኩት ክራቫቱን።

«ስትመጣም እንደዚሁ ነበረች» አለኝ።

ውሸታም። አባዬ አጠገቤ ቆሞ ጫማውን ያያል። ጭቅጭቅ ስለማይወድ ነው።

ጥቅምት 29

ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ ኑሮዬ። ደግሞ በርቶ ደግሞ ወሰድናት፤ አሁን «ነዳጁ ይሆናል መጥፎ» ተባልኩ። ፈቃድ ስጠይቅ አለቃዬ «መኪና ነው የገዛሽው ወይስ ሕፃን?» አለኝ። ሳቅሁ። ምን ላድርግ? እማዬ ዳገቱ ላይ ስትጸልይ እንደነበር ለእሱ ምን ያደርግለታል።

ከሰዓት አንድ ሰውዬ ቆጣሪዬ ዝም ብሎ ይዘላል ብሎ መጣ። ሲስተሙ ላይ አይታይም አልኩት። አይታይማ።

ኅዳር 11

ቆመች። ሲሄዱ፣ ዳገቱ መሃል።

ስልኩ ቢሮ ደረሰኝ። ሰው ተሰልፎ እያየኝ መስኮቴን ዘግቼ ወጣሁ። በታክሲ ስደርስ አባዬ ቦኔቱን ከፍቶ ቆሟል። አላፊ አግዳሚውን ቢለምን አንድም አልቆመለትም። እማዬ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድማለች፣ በሩ ተከፍቶ፣ እግሮቿ ከጫማ የማይገቡ ሆነው።

«አይዞሽ» ይላታል።

«እኔ ምን ሆኜ? ይልቅ አንተ አይዞህ» ትለዋለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

በመጣሁበት ታክሲ አደረስናት። ተራዋ አልፎ ነበር። አልጋ ይዛ ነገ ትታጠብ ተባለ። መኪናዋ ሲበርድላት ራሷ ተነሳች፣ ምንም እንዳላደረገች። ባቃጥላት ደስ ይለኝ ነበር።

ኅዳር 12

ሐኪሙ «አንድ ቀን ደግሞ እንዲህ ብትዘገይ ልቧ አይችልም» አለ። ሲናገር የሚያየው አባዬን ነበር። አባዬ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ «እሺ» አለ። ሌላ ምን ይበል?

እህቴ ኮሪደሩ ላይ «እኔ ጋ ትሁን፣ አለቀ» አለች። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፣ አምስት ሆነው ይኖሩበታል። እማዬን ከሴቶቹ ልጆቿ ጋር ልታስተኛት ነው። ለአባዬ የሚሆን ቦታ የለም። ማንም አላለውም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁላችንም እዚያ እንከራይ ብዬ አሰብኩ... ሥራዬስ?

ኅዳር 15

እማዬ ሄደች። ልብሷን ያጣጠፈላት አባዬ ነው። ሹራቡን ሦስቴ አጣጥፎ ሦስቴ ፈታው።

«መኪናዋ እስክትሠራ ነው የምቆየው» አለችው። «የተሠራች ዕለት ትወስደኛለህ።»

«የተሠራች ዕለት።»

«ማልልኝ።»

«አንቺን ይንሳኝ።»

እራት ላይ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ድምፁን እማዬ በምትወደው ልክ ዝቅ አደረገው። በዚያ ልክ ለእሱ አይሰማውም፣ ጆሮው ደክሟል።

ኅዳር 19

ጉዱን አገኘሁት።

ከድርጅቱ ቀጠሮ ነበረን። ጫማዬን ፍለጋ በጓሮ በር ብወጣ አባዬ ቦኔቱን ከፍቶ፣ መፍቻ ይዞ፣ የባትሪውን ገመድ ነቅሏል። ያጠበበት ባልዲ እግሩ ሥር።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«መብራቱን እያጠፋሁ ነዋ።»

«...ሁልጊዜ?»

«ታዲያስ። ስትወስጃት በርቶ ያውቃል?»

እንዴት ነው የሚናገረው። ምስጋና የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ባትሪው ሲነቀል መኪናዋ ሁሉንም ትረሳለች። ኮዱን፣ ሰዓቱን፣ ራዲዮውን። ክራቫቱ አልዋሸም ነበር ማለት ነው። ለካ እያጸዳን ነው በሽተኛ ያቀረብንላቸው።

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የአንድ ድርጅት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። የጋራዡ አለቃ በር ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚያየው ዳሽቦርዱን ነው። መብራት እንደበራ ያስገባ ሾፌር «አንገላቷታል» ተብሎ ከመንገድ ይታገድና ግቢ ሲጠርግ ይከርማል። ስለዚህ ሾፌር የተባለ ሁሉ በር ሳይደርስ ያጠፋል። ብልሽቱን ለሜካኒኩ ቀስ ብሎ በጆሮው ይነግረዋል። ክራቫቱ ግን ጆሮውን የሚሰጥ ሰው አይደለም።

«መብራት በርቶ መኪና አይሰጥም» አለኝ። «ስሙ ያንቺ ነው። ሴትየዋ መንዳት አትችልም፣ ገደለቻት እንዲሉሽ ነው?»

ለእኔ ስም ብሎ።

«እማዬን ከቤቷ ያስወጣሃት አንተ ነህ» አልኩት። ከአፌ ወጣ። መፍቻውን አስቀመጠ፣ እጁን ጠረገ፣ ገባ። ቀጠሮውንም ተውነው።

ኅዳር 23

ሄድን። አባዬ ኮቱን ለብሶ። ለክራቫቱ የባትሪውን ነገር ልነግረው ስጀምር ፊቱ ተለወጠ። «የውጭ ሰው ነክቷታል ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ጋራንቲው ሊሰረዝ ይችላል።»

አባዬ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። ልጁ ሊሆን ለሚችል ሰው፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ «የነካኋት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለው። «ልጄ የምታውቀው የለም። መሰረዝ ካለበት እኔን ሰርዙኝ።»

ክራቫቱ ሜካኒኩን ጠራ። ሜካኒኩ ደንዳና ሰውዬ ነው፣ ቱታው ዘይት የጠጣ። ሰማንና ሳቅ አለ፤ የድሮ ሾፌሮችን ያውቃል መሰለኝ። «ገመድ መንቀል መኪና መንካት አይባልም» አለው ክራቫቱን። ከዚያ ወደ አባዬ ዞሮ፦ «አባባ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሲበራ እንደበራ ያምጡልኝ።»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «ቀበቶሽን እሰሪ» አለኝ።

ታኅሣሥ 2

አይበራም። ሲፈልጉት ጊዜ ይኮራል። አባዬ በየቀኑ ባዶ መኪና ይዞ ዳገቱን ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ዛሬስ?»

«እምቢ አለ።»

መብራት እንዲበራ የሚጸልይ ቤት እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ጥር እየመጣ ነው።

ታኅሣሥ 7

አባዬ ቢሮ ደወለልኝ። «በራልሽ።»

በር ላይ መጥቶ ወሰደኝ፣ ከተማውን አቋርጠን ሄድን። ሱሪው ከኋላው እንደተቀደደ ሰው ነበር የሚነዳው። መስቀለኛው ላይ ትራፊክ ፖሊሱ ሲያየን እሱ ተሳቀቀ። ማን ዳሽቦርድህን ያይልሃል አባዬ?

ለክራቫቱ ቁልፉን ሲሰጥ «በርቷል» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። ኮምፒውተሩ ሲሰካ ኮዱ ወጣ። መኪናዋን እዚያው ያዟት።

ታኅሣሥ 13

እሑድ። በአውቶቡስ እማዬን ልናይ ሄድን። በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። የፊቷ እብጠት ወርዷል፣ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ይዞራል። ከእጥበት በእግሯ ነው የምትመለሰው፣ ሱቅ ጎራ ብላ ለልጆቹ ከረሜላ ይዛ። እኛ ጋ እያለች በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ስታስመልስ ነበር የምትደርሰው። እህቴ «ሐኪሙ ራሱ ገርሞታል» አለች፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ። አባዬ ግን ዐይን አለው።

የባትሪውን ነገር ለእማዬ ነገርኳት። እስክታለቅስ ሳቀች። «ስታዘበው የኖርኩት እኮ ነው። ትኩሳት አንድዶትም ምንም የለኝም ነው የሚለው። ካገባሁት ጀምሮ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም።»

ልንወጣ ስንል ግን እጁን ያዘችው። «ልጆቹ ሌሊት ይራገጣሉ። ቤቴን ውሰደኝ።»

«እየሠሯት ነው።»

ስንመለስ መስኮት መስኮቱን ሲያይ ቆየና «ቆማ ነው የጠበቀችን አይደል?» አለኝ።

«አዎ፣ ቆማ።»

ታኅሣሥ 21

ሜካኒኩ ደወለ። ብልሽቷ ሞተሩ ሥር የምታልፍ ቀጭን የኤሌክትሪክ ገመድ ናት። ብረት እየፈተጋት ተልጣለች። ሞተሩ ሲግል ትነካካለች፣ ሲበርድ ምንም የላትም። ኮዱ ባይጠቁመን ዓመት ብንፈልግ አናገኛትም ነበር አለ። ገመዱን በሙሉ በጋራንቲው ቀየሩት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጥቅምት ላይ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ እንደበራ ብንወስደው...

ታኅሣሥ 26

ተረከብናት። አባዬ ዳገቱን አወጣት። እንደ ወፍ በረረች። መልሶ ደገመው። መብራት የለም፣ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ራዲዮው ያወራል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተራራው አናት ላይ አቆመና ወርዶ ወዲያኛውን ከተማ አየ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅሁት።

«ነገ እናምጣት?» አልኩት ሲገባ።

«እስቲ ይደር።»

ታኅሣሥ 28

እማዬ ደወለች። አባዬ ስለማይሰማ ስልኩን ጮክ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሁሉንም ሰማሁ።

«እህስ፣ መኪናዋ ወጣች?»

አየኝ። ቁልፉ እጁ ላይ ነው።

«ወጥታ ነበር» አለ። «ደግሞ በራ።»

«ምኑ?»

«መብራቱ። እንደበራ ነው።»

ከጀርባዋ ልጆች ሲሯሯጡ ይሰማል።

«አንተ ነህ በራ የምትለው?»

«አርጅቻለሁ እኮ። ማጥፋት አቃተኝ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቋረጠም።

«እንግዲያው በደንብ ይዩዋት» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «አታቻኩላቸው። እሑድ ግን ና።»

«እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። ቁልፉን ወደ እኔ ገፋው።

«እሑድ በአውቶቡስ ነው የምንሄደው» አለኝ። «መኪናዋን ካየቻት እዚያ አትቀመጥም።»

እሺ አልኩት።