ለእንግዳ የተከፈተው የልጆች ማቆያ

ረቡዕ፣ የካቲት 11

ዛሬስ ደከመኝ። ፋብሪካው ማንም ሳያስገድደው «ለሠራተኞቼ የልጆች ማቆያ እከፍታለሁ» ካለ ሁለት ዓመት አለፈው፤ ክፍሉ ግን እንደተቆለፈ ነው። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቦር ሰፈር እኔ ቤት እያዋሉ ነው ሥራ የሚገቡት። ዛሬ የውጭ እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ እኔንም ልጆቹንም በሚኒባስ ወደ ማቆያው ወሰዱን። አሻንጉሊቶቹ ገና ከላስቲካቸው አልወጡም ነበር። አንዷ እንግዳ በአስተርጓሚ «በየቀኑ እዚህ ነው የሚውሉት?» አለችኝ። የእናቶቹን እንጀራ አሰብኩና «አዎ» አልኩ። እንግዶቹ እንደወጡ በሩ ተቆለፈ።

አመሻሽ ላይ ከእናቶቹ አንዷ፣ አስቴር፣ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ፊቷ በርቷል።

«እትዬ፣ ማቆያው ተከፈተ አሉ! ነገ በቀጥታ እዚያው ልውሰዳት አይደል?»

«የለም የኔ ልጅ፣ እኔው ጋ አምጪያት» አልኳት።

ለምን ብትለኝስ? አዎ ያልኩት እኔው ነኝ።