የመንገደኛን ልብ ለማወቅ የደከሙት አቶ በድሩ አብዱልጀሊል

አቶ በድሩ አብዱልጀሊል ከአባታቸው ከአቶ አብዱልጀሊል ሙሄ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋጡሜ ሰዒድ በ1955 ዓ.ም. በጨፋ ሮቢት ተወለዱ። በመንደራቸው መድረሳ ቁርኣን ቀርተው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን በከሚሴ ተከታትለዋል። በ1976 ዓ.ም. በመምህርነት ተመርቀው ለአሥራ ስድስት ዓመታት አስተምረዋል። በ1985 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓዲላ ሙሀመድአሚን ጋር ኒካሕ አስረው ጀሚልን፣ ነኢማንና አንዋርን ወልደዋል።

በ1992 ዓ.ም. ወደ ባህልና ቱሪዝም ሥራ ተዛወሩ። ዕድሜያቸውን የበላው ቁጭት የያዛቸው እዚህ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ለዕረፍት የሚወጣው ሁሉ በከሚሴ ያልፋል፤ የሚያድር ግን አልነበረም። የጨፋን ሸለቆ በመኪና መስኮት አይቶ "ሲያምር!" ይልና ይሄዳል። ይህ አቶ በድሩን ያንገበግባቸው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. መጠይቅ አዘጋጅተው መናኸሪያ ወረዱ። አብረዋቸው ሊሠሩ የተመደቡት አቶ ሙሀመድኑር፣ "እንግዳን ምን ትፈልጋለህ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም እንዴ? ያለንን ማቅረብ ነው እንጂ!" ብለው ወረቀቱን መለሱ። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር ለእንግዳ ይቀርብለታል እንጂ አይጠየቅም። አቶ በድሩ ብቻቸውን ሦስት መቶ መንገደኛ ጠየቁ። ሦስት መቶውም "ሁሉ ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን" አሏቸው። እሳቸው የዋህ ናቸውና አመኑ። ምንም ሳይለውጡ የሸለቆውን ወፎች የሚያወድስ በራሪ ወረቀት አሳትመው እስከ አዲስ አበባ በተኑ። አንድም ሰው አልመጣም።

መላውን ያገኙት ወይዘሮ ዓዲላ ናቸው። "አንተስ ሰው ቤት ተጋብዘህ ወጡ ጨው በዛበት ትላለህ? ቤትህ ስትገባ ለእኔ ነው የምትነግረኝ" አሏቸው።

ከዚያ ወዲያ አቶ በድሩ መጠይቁን ትተው ከመንገደኛው ጋር ይሳፈሩ ጀመር። ወደ ባቲ ገበያ በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ ሰው ለባልንጀራው የሚያወራውን ያዳምጣሉ። የሰሙትም ስለ ወፍ አልነበረም። ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ልጆች ይዛ የመጣች ሴት ከውስጥ የምትቆልፈው በር፣ ሶላት የሚሰገድበት ቦታ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የከተማ ልጆች እሸት በቆሎ በገዛ እጃቸው ከማሳ ቆርጠው ጠብሰው እንዲበሉ ነበር የሚፈለገው። ከዓመታት ልፋት በኋላ አምስት ገበሬዎችን አግባብተው ክፍል አሰናዱ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ከሚሴ አጠገብ አደሩ፤ በዓመቱ አርባ ደረሱ። አቶ በድሩ በዚያ ሰሞን እንደ ሙሽራ ነበር የሚያደርጋቸው።

ብዙ አልቆየም። ጦርነት መጥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ ክፍሎቹ ባዶ ቀሩ። ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ዳግም ተከፈቱ። በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም እነዚያን ሁለቱን በእግራቸው እየሄዱ ይጎበኙ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሰውነታቸው እየከሳ መጣ። ልጆቻቸው "አባ፣ ምን ያምሃል?" ባሏቸው ቁጥር "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ" ይሉ ነበር። እሳቸው ሦስት መቶውን ወረቀት እንዳመኑ፣ እኛ ቤተሰቦቻቸውም አመንን። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ሕመሙ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው ተጠየቁ። "ሁለት ዓመት" አሉ። ወይዘሮ ዓዲላ አጠገባቸው ቆመው ነበር። በአንድ ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖረው፣ ይህን ከባዕድ ጋር እኩል ሰሙ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከአንጀታችን አልወጣም።

አቶ በድሩ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄደዋል። ቀብራቸውም በዕለቱ ከዙሁር ሶላት በኋላ ተፈጽሟል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አራት የልጅ ልጆችን ትተውብናል።

አላህ ሆይ፣ ባሪያህ በድሩ ሕመሙን ከእኛ የሸሸገው እንዳንጨነቅ ብሎ ነው። አንተ ግን ሳይነግርህ ታውቃለህ። የልቡን ስጠው፤ ቀብሩንም አስፋለት። አሚን።