ጫማ አድርገን የተኛንበት አልጋ

ሰይዴ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እኛ ደህና ነን። ሀያት ትከሻዬን አልፋ አድጋለች። እኔም እዚያው ቦሌ ለሚ፣ ልብስ ስፌቱ ላይ ነኝ። ታች ያለው ጎረቤታችን ደረጃው ሥር ሱቅ ከፍቷል፤ አንተ ብትኖር መተላለፊያ ዘጋህ ብለህ ስትጨቃጨቀው ትውል ነበር። የምጽፍልህ ግን ስለ ሱቅ ልነግርህ አይደለም። ፊልም ሠርተውብናል።

ከላይ የምትኖረው ቤዛ፣ ፊልም የተማረችው ልጅ፣ ከቀብርህ በኋላ እየመጣች ከግንባር ስለተመለስክበት ጊዜ ስትጠይቀኝ ከረመች። አንተ እንኳ እንዲህ ያለ ፊልም በቴሌቪዥን ሲመጣ «ይሄ ወታደር ሁልጊዜ ዝናብ ውስጥ የሚያለቅሰው ጃንጥላ የለውም እንዴ?» እያልክ ትስቅ ነበር። እኔ የነገርኳት የጫማውን ነገር ነው። ጫማህን አድርገህ ትተኛ ነበር፤ ለሰላት ብቻ ታወልቅና ሰግደህ እንደጨረስክ መልሰህ ታስራለህ። ለምን ብዬ ስጠይቅህ፣ እዚያ ጫማቸውን አውልቀው የተኙት ልጆች ተነስተው መሮጥ አልቻሉም አልከኝ። እኔም ከዚያ በላይ አልጎተጎትኩህም። በማግስቱ ከመገናኛ ሸራ ጫማ ገዛሁና አድርጌው አጠገብህ ተኛሁ። መጀመሪያ አበድሽ እንዴ አልከኝ፤ ከዚያ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ስንት አንሶላ እንዳጠብኩ አንተ ታውቃለህ። ሀያት ተወልዳ መሃላችን የተኛች ዕለት ማንም ሳይነግርህ አወለቅክ፤ እኔም አብሬህ አወለቅኩ።

ቤዛ የኔን ጫማ ከፊልሙ አወጣችው። ተመልካች ይስቃል አለች። ይሳቅ፣ እኛም ስቀናል አልኳት። ቤታችንን ለቀረጻ ስትለምነኝም አምኜአት እሺ አልኩ።

ባለፈው እሑድ ቦሌ ሲኒማ ቤት ጠራችን። የብሎካችን ሰው ሁሉ መጥቷል። የኛ መጋረጃ፣ የኛ አልጋ፣ አልጋው ላይ ጫማውን እንዳደረገ የተኛ ወታደር። ሚስቱ አየችው፣ አለቀሰች፣ ሻንጣዋን ይዛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። ሰውየው ብቻውን ቀረ፤ ያውም ዝናብ ውስጥ! ሰዉ ሲያጨበጭብ ሀያት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እማ፣ እኔ ሳልወለድ አባን ትተሽው ሄደሽ ነበር? አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ቤዛ «የታሪኩ ባለቤት ናት» ብላ ማይክ ስትሰጠኝ አመሰግናለሁ እንድል ነበር የሚጠበቀው። «አልሄድኩም» አልኩ። «ያ አልጋ የኔ ነው። ባሌ ጫማውን አድርጎ ሲተኛ እኔም ጫማዬን አድርጌ አጠገቡ ተኝቻለሁ። እሱ ያወለቀ ቀን አወለቅኩ። ልቡ ድንገት የቆመ ዕለትም እጁ እጄ ውስጥ ነበር።» ስለ ጫማው ሳወራ ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ደስ አለኝ።

ውጭ ቤዛ ተቆጣች፤ ልብ ወለድ እኮ ነው፣ ሥራዬን አበላሸሽብኝ አለች። ልብ ወለድ ከሆነ የሰው አልጋ ምን ያደርግልሻል አልኳት። አሁን ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅ ናት፣ ደክማበታለች፣ ይቅርታ ጠይቂያት» ይለኛል። ድካሟን አልካድኩም። ይቅርታ ግን አልጠይቅም። አንተን ማንም ሊችለው ያልቻለ ሰው አድርጋ ለልጅህ አሳይታለች፣ እኔ ደግሞ ችዬህ አይደለም የኖርኩት፤ ወድጄህ ነው።

ቤት ስንገባ ሀያት ከዓይኔ ጠፋች። መኝታ ቤት ገባሁ። ያንተ ቦታ ላይ፣ የትምህርት ቤት ጫማዋን እንዳሰረች ተጋድማለች። አንሶላው ገና መታጠቡ ነበር። ልቆጣት ብዬ ተውኩት። ሸራ ጫማዬን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁ፣ አጠለቅኩት፣ አጠገቧ ጋደም አልኩ።

አንረሳህም ሰይዴ። ሄደች የሚል ካለ ደረጃውን ወጥቶ ይየን።

ያንተዋ ዘይነባ