ወደ ውስጥ የተነፈስኩት «አዎ»

ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ
ኅዳር 1977 ዓ.ም.

ለክቡር ዶቶር ፌሩቾ ባልዲኒ
የብሪትላንዲያ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር
ሮማ

እጅግ የተከበሩ ዶቶር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ክብርት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም በትምህርት ቤትዎ ደጃፍ ላይ የተሰቀለው የእንግሊዝ ባንዲራ ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? እኔ የሰሜን ባሕር ነፋስ በየትራም ፌርማታው ጃንጥላዬን እየገለበጠ ከማስቸገሩ በቀር በጣም ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነውን በተራ ቁጥር አቀርብልዎታለሁ።

በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ማስታወቂያዎ ትምህርት ቤቱ የሚቀበለው «ማድሬሊንጓ»፣ ማለትም እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ መምህራንን ብቻ እንደሆነ በደማቅ ቀለም ስለሚናገር፣ ባልተፈታ አፌ በእንግሊዝኛ ጽፌ ዓይንዎን ከማቁሰል፣ ማንም ጉድለት በማያወጣብኝ በገዛ ቋንቋዬ ጽፌ በማኅበራችን መጽሔት ላይ እንዲወጣ ማድረጉን መረጥኩ። መቼም አስተርጓሚ አያጡም። ሮማ ውስጥ ሳህን ከሚያጥቡትና ሸሚዝ ከሚተኩሱት የአገሬ ሴቶች አንዷን ቢጠሩ፣ እጇን አድርቃ ታነብልዎታለች።

ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ባለቤቴ የትነበርሽ ናት። ካርቱም በስደት ሳለን እሷ ለሮማ የቤት ሠራተኝነት ፈቃድ፣ እኔ ለሆላንድ የስደተኛ ወረቀት ስናገኝ፣ ሁለታችንም የተገኘውን መንገድ ይዘን ከጥቂት ወራት በኋላ እንገናኛለን ብለን ተለያየን። ስትሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጃችን ጥሩአየሁ እዚያው ተወልዳ አሁን ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ እናቷ በአሠሪዋ ቤት አዳሪ ስለሆነችና እመቤቲቱም የልጅ ጫጫታ ስለማይወዱ፣ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት አዳሪ ቤት ታድጋለች። እናቷ ሐሙስና እሑድ ከሰዓት በኋላ ታያታለች። እኔ ያየኋት አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም ለጥቂት ቀናት፤ ከዚያ ወዲህ የጉብኝት ቪዛ በጠየቅሁ ቁጥር ሚስትና ልጅ እዚያ ስላሉህ ከገባህ አትወጣም እያሉ ይመልሱኛል። እውነታቸውን ነው።

ለምን ወደ ሆላንድ አታመጣቸውም ይሉኝ ይሆናል። እዚህ ያሉት ሹማምንት ጋብቻችሁን የአገራችሁ መንግሥት አረጋግጦ ማኅተም ያድርግበት ብለዋል፤ ከዚያው መንግሥት ሸሽቼ መምጣቴን አረጋግጠው ማኅተም ያደረጉልኝም እነሱው ናቸው። ስለዚህ የቀረችኝ በር ጣሊያን ውስጥ ሥራ ማግኘት ነበረች። የማውቀው ሥራ ደግሞ ደሴ ላይ ወጣትነቴን የጨረስኩበት እንግሊዝኛ ማስተማር ነው፤ እርግጥ ነው፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ በቭላርዲንገን አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ኩሽና ውስጥ ድንች መላጥ ጨምሬበታለሁ።

አቤቱታዬ እንዲህ ነው።

፩ኛ፦ ስለ አፍ መፍቻ። እናንተ «የእናት ቋንቋ» ስትሉ እኛ «አፍ መፍቻ» እንላለን፤ የእኛው ሰው የሚጠይቀው ያ አፍ በምን እንደተፈታ ነው እንጂ እናትየዋ ማን እንደሆነች አይደለም። እኔ ደሴ ላይ የስንቱን ዓይን አፋር ተማሪ አፍ በእንግሊዝኛ ፈትቻለሁ። ወላጅ እናቴ እንግሊዛዊት ብትሆን ኖሮ የዚያን ቋንቋ ሕግ ሳላውቀው እናገረው ነበር፤ ባለመሆኗ ግን እያንዳንዱን ሕግ በለቅሶ ተማርኩት፣ የተማሪው እግር የት ላይ እንደሚንሸራተትም አውቃለሁ። ይህን መምህራን ለመመልመል አምስተርዳም ለመጡት ወኪልዎ አስረድቼ፣ የሙከራ ትምህርትም ሰጥቼ፣ ሴትዮዋ ተደስተው ዳይሬክተሩን አሳምናለሁ ብለው ሄዱ። ቃላቸውን መጠበቃቸው፣ በእርግጥ ከእርስዎ ጋር ብዙ ጊዜ መሥራታቸውን እንዳጠራጠረኝ ልሸሽግዎ አልችልም።

፪ኛ፦ ስለ ውልና ስለ ፈቃድ። ጽሕፈት ቤትዎ ውል የምንሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ላለው ነው አለኝ። ፈቃድ ሰጪዎቹ ፈቃድ የምንሰጠው ውል ላለው ነው አሉኝ። ሁለቱንም ወገኖች ስለ ጥንቃቄያቸው ከልብ አመሰግናለሁ፤ እኔም በመካከላቸው ስመላለስ የዴን ሃግን የትራም መስመሮች ከነቅርንጫፋቸው ለማጥናት በቅቻለሁ።

፫ኛ፦ ስለ ስልኩ። እኔ ስልክ ስለሌለኝ እርስዎ የደወሉልኝ ከታች ፎቅ ወደሚኖሩት ወደ እትዬ እናትነሽ ቤት ነበር። እትዬ እናትነሽ ቢሮ የሚያጸዱ፣ የሰው ችግር የማያስችላቸው ሴት ናቸው፤ ያን ዕለት ወጣቸውን እያማሰሉ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ፊቴን እያዩ ያዳምጡ ነበር። እርስዎ ሕፃናትን እንዴት እንደማስተምር ጠየቁኝ፤ መለስኩ፤ በቀልዴም ሳቁ። ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። ወኪልዎ ስላመሰገኑኝ የአፍ መፍቻውን ጉዳይ ለዚህ ዓመት እንደሚያልፉት፣ ውሉንም ራስዎ ፈርመው ፈቃድ ሰጪዎቹ ዘንድ እንደሚያቀርቡት ነገሩኝና፣ ይህን ሥራ ትቀበላለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ክቡር ዶቶር፣ ያን ጊዜ እንግሊዝኛዬ በሙሉ ጥሎኝ ጠፋ። የታየችኝ ጥሩአየሁ ብቻ ነበረች። ያገሬ ሰው ከልቡ ሲስማማ ቃል ላያወጣ ይችላል፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ ያም «አዎ» ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ የጠለቀው «አዎ» እሱ ነው። አበው ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ መልስ ግን ከአፍ አልወጣም፣ ወደ ውስጥ ገባ። እትዬ እናትነሽ ያቺን ትንፋሽ እንደሰሙ ሥራው መገኘቱ ገባቸው፤ ጭልፋቸውን ድስቱ ላይ ወርውረው ቤቱን በእልልታ አደበላለቁት። ሮማ የደረሰው ታዲያ ሌላ ነው፤ አንድ ሰው ትንፋሹ ሲቆረጥ፣ አንድ ብረት ሲወድቅና አንዲት ሴት አምርራ ስትጮህ ተሰማ። እርስዎም ጨዋ ሰው ነዎትና በሐዘናችን መካከል ላለመግባት ስልኩን ቀስ አድርገው ዘጉ።

በማግሥቱ ከፖስታ ቤት ስደውል ጸሐፊዎ በደረሰብኝ መርዶ እንዳልረበሽ መታዘዛቸውን ነገሩኝና አጽናኑኝ። መርዶ የለም፣ ማንም አልሞተም ብዬ ብምልላቸው ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፣ አይዞህ አሉኝ። ከዚያ ዳር ዳሩ ጥቁር የሆነው የማጽናኛ ካርድዎ ደረሰኝ፤ በግርጌውም፣ በዚህ ከባድ ጊዜ ሥራ እንዳይጨምሩብኝ አስበው ቦታውን ለሌላ ሰው መስጠትዎን ጽፈውልኛል። በቁሜ የተለቀሰልኝ ሰው ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በቦታዬ የገባው ወጣት ፀሐይ ፍለጋ ወደ ሮማ የመጣና ከዚህ ቀደም አስተምሮ የማያውቅ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እናቱ ግን እንግሊዛዊት ናቸውና እንኳን ደስ ያላቸው።

፬ኛ፦ ስለ መልስዎ። የትንፋሹን ነገር በዝርዝር ጽፌ ብልክልዎ፣ በዋናው ሰዓት በእንግሊዝኛ «አዎ» ማለት የተሳነው መምህር የትምህርት ቤቱን ደንብ ትክክለኛነት ራሱ አስመስክሯል ብለው መለሱልኝ። ብዙ ሰው ሰድቦኛል፣ አንዳቸውም እንዲህ አልመቱኝም፤ እውነት ያለበት ስድብ አይደርቅም። አነበብኩት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እትዬ እናትነሽማ ያን ዕለት ምላሴ በተቆረጠ እያሉ፣ በቀደም ሮተርዳም ለክርስትና ተጠርተን ሴቱ ሁሉ እልል ሲል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። የእኔ መቅረት አንሶ የሳቸው እልልታ መታሰሩ ያንገበግበኛል።

አሁን የምለምነው መምህርነቱን አይደለም። ክፍሎችዎን የሚጠርግ፣ ሰሌዳ የሚወለውል፣ ያንን ባንዲራ ሲዘንብ የሚያወርድ ሰው ካስፈለገዎ፣ ለመጥረጊያ አፍ መፍቻ እንደማይጠየቅ ተስፋ በማድረግ ራሴን አቀርባለሁ። ውሉ ላይ የሚጻፈው ማዕረግ ግድ የለኝም፤ ብቻ ውል ይሁን። በኪሴ የያዝኩት ሰማያዊ የስደተኛ ሰነድ ከአገሬ በቀር ወደ ሁሉም አገር ያስኬዳል ተብሎ ተጽፎበታል፤ እኔን ግን እስካሁን ከድንቹ ከረጢት አላሳለፈኝም። ሰው በምቾት አገር ውስጥ እንዴት እንደሚታፈን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም፤ በሩ ሁሉ ክፍት ነው፣ እያንዳንዱ በር ግን የሚያስገባው ከሌላው በር የወጣ ሰው ነው።

ትምህርት ቤትዎን ያስፋልዎ፣ የስልክ መስመርዎን ያጥራልዎ እያልኩ፣ በአክብሮት ወገቤን አጉብጬ እሰናበትዎታለሁ።

በቁሙ ያለቀሱለት፣
ዓምደሚካኤል ሽባባው
የቀድሞ የእንግሊዝኛ መምህር፣ የአሁን ድንች ላጭ

ከፊርማ በኋላ፦ በአፍ መፍቻ ረገድ ቤቴ ጭራሽ እንደማያሳፍርዎ ሳልነግርዎ ብቀር ቅር ይለኛል። ልጄ ጥርት ያለች ማድሬሊንጓ ሆናለች። አፏን የፈቱላት መነኮሳቱ ናቸውና የምታውቀው ጣሊያንኛ ነው፤ እናቷ በሳምንት ሁለቴ የምትዘራባት አማርኛ አልበቀለም። ባለፈው እሑድ በስልክ አንድ ነገር ረዘም አድርጋ ጠየቀችኝ። አልገባኝም። ሆኖም ከጣሊያንኛ «ሲ» አዎ ማለት መሆኑን አውቃለሁና፣ ከእርስዎ በተማርኩት መሠረት ትንፋሼን ሳልስብ አፌን ሞልቼ «ሲ፣ ሲ» አልኳት። እንግሊዝኛ የምታውቅ አንዲት መነኩሲት ስልኩን ተቀብላ ስትነግረኝ፣ ልጅቷ የጠየቀችኝ «እውነት ነው፣ ከእንግዲህ አትመጣም?» ብላ ኖሯል። አይደለም፣ አይደለም እያልኩ ብጮህ ሄዳለች። ይህኛው «አዎ» ግን፣ ክቡር ዶቶር፣ ሮማ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰምቷል።